በረዶን ማንሣት

በቋንቋችን በረዶ የምንለው ቃል ሁለት ነገሮችን በአንድነት የያዘ ነው። እንደ ጠጠር ከሰማይ የሚወርደውንም፥ በሰሜን አገሮች እንደ ጥጥ ብናኝ እየረበበ ምድርን ለወራት የሚያለብሰውንም በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። ይህ ሁለተኛው ቢሆን ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አንድ የአክሱም ንጉሥ በአዱሊስ በግሪክኛ ያስቀረጸውና በስድስተኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለው ተጓዥ ገልብጦ ያቈየልን ጽሑፍ፥ በስሜን ተራሮች ሰውን እስከ ጕልበቱ የሚያሰጥም በረዶ እንደ ነበረ ይናገራል። እኛ በጎጃም ደጋ አዘውትረን የምናውቀው ግን የፊተኛውን ነው። በክረምት ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሲወጣ፥ ሰማዩ በድንገት ይጠቍርና ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምድሩ ነጭ ሸማ ይለብሳል፤ ጥቂት ቈይቶም ያ ሁሉ ነጭ ውሃ ሆኖ በየሸለቆው ይወርዳል።

እኛ ሦስት የመሥሪያ ቤት ባልንጀሮች ባለፉት ሁለት ክረምቶች በዕረፍት ቀኖቻችን ካሜራ ይዘን ወደዚያ ስንመላለስ፥ ነጭ ምድር ለፎቶግራፍ ተማሪ ብርቱ መምህር መሆኑን ተረድተናል። የመሣሪያው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ በነጭና በጥቁር መካከል ያለ ግራጫ አድርጎ ይገምታልና፥ በረዶ በሞላበት ስፍራ ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሰዋል። በዚህም የተነሣ በረዶው አመድ፥ የሰው ፊት ደግሞ ከሰል ይመስላል። መድኀኒቱ መሣሪያው ከሚለው እጥፍ፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ አራት እጥፍ ብርሃን ማስገባት፥ አለዚያም ልኩን ከሰው ፊት ላይ መውሰድ ነው። እንግዲህ መለኪያው አማካሪ እንጂ ዳኛ አይደለም።

የሚንቀሳቀሰውን ማንሣት ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። በሰከንድ 10 ሜትር የሚጋልብ ፈረስ በ1/1000 ሰከንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ሲያልፍ፥ በ1/50 ሰከንድ ግን 20 ሳንቲ ሜትር ያልፋል። ኤድዋርድ ማይብሪጅ በ1870 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር በ1878) 12 ካሜራዎች ደርድሮ፥ የሚጋልብ ፈረስ አራቱም እግሮቹ ከምድር የሚለቁበት ቅጽበት እንዳለ ያሳየው መዝጊያውን በማፍጠን ነው። በበረዶ ላይ ግን ፍጥነት ብቻውን አይበቃም። ባዶ ነጭ ሜዳ ለሌንሱ የሚይዘው ነገር ስለማይሰጠው፥ ፈረሱ በሚያልፍበት ስፍራ ባለ ድንጋይ ላይ አስቀድሞ ማነጣጠር ያስፈልጋል። ከኮቴው የሚፈናጠረው በረዶም ጎልቶ የሚታየው በስተኋላው የጅብራ ግንድ ወይም ጥቁር ገደል ሲኖር ነው።

ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ የክረምት ኦሊምፒክ ለኢትዮጵያ በበረዶ ሸርተቴ ሲወዳደር፥ የዚያ አገር ፎቶግራፍ አንሺዎች የሚያልፍበትን መንገድ አስቀድመው ያውቁ ነበር፤ በረዶውም ተነጥፎ ይጠብቃቸው ነበር። የጮቄ በረዶ ግን ማንንም አይጠብቅም። ስለዚህ ሁሉን አሰናድቶ፥ ብርድ ኃይሉን እንዳያደክመው ባትሪውን በደረት ኪስ አሙቆ፥ ሰማዩን እያዩ መቈየት ግድ ነው።

ባለፈው ነሐሴ እንዲህ ተሰናድተን ሳለን በረዶው ወረደ። ባባራ ጊዜ ሕፃናት ከየቤቱ ወጥተው በነጩ ሜዳ ላይ ይሯሯጡ፥ በረዶውንም እየዘገኑ ይወራወሩ ጀመር። እኛም ደስታቸውን በማንሣት ላይ ሳለን፥ ባና የለበሱ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቀረብ ብለው፤

«ልጆቼ፥ በርቱ። በረዶውን ካነሣችሁት አይቀር ከሥሩ ያለውንም አንሡልኝ» አሉን።

«ከሥሩ ምን አለ አባቴ?» ብንላቸው፤

«ገብሴ ነዋ! ነገ ጉዳቴን እዩልኝ ብል በረዶው ቀልጧል። ማን ይመሰክርልኛል?» አሉ።

ይህንም ብለው ጐንበስ አሉና በሁለት እጃቸው በረዶውን ዝቀው ወደ ጐን በተኑት። መዝጊያውም በ1/1000 ሰከንድ ተከፍቶ ተዘጋ። በሥዕሉ ላይ የበረዶው ጠጠር ገና በአየር ላይ ተንጠልጥሎ፥ የሽማግሌው እጆች ተዘርግተው፥ ከእጃቸውም በታች እሸቱ ተሰባብሮ ከጭቃ ጋራ ተለውሶ ይታያል።

ሥዕሉን በከተማ አሳትመን፥ ካሜራው የመዘገበውን ቀንና ሰዓት በጀርባው ጽፈን ወሰድንላቸው። ሰው ፎቶግራፍ ሲሰጡት አስቀድሞ የራሱን ፊት ይፈልጋል፤ እርሳቸው ግን አስቀድመው ገብሱን ፈለጉ። ካገኙትም በኋላ፥ ለቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ሊያሳዩት በባናቸው ሸፍነው ያዙት።

በዚያው ቀን ካነሣናቸው ሕፃናት አንዱ፥ በረዶ በእጁ ይዞ እየሣቀ ወደ ላይ የዘለለው፥ የእርሳቸው የልጅ ልጅ መሆኑን የነገሩን ኋላ ነው። ሁለቱን ሥዕሎች ዛሬ ጐን ለጐን አኑረናቸዋል፤ በአንድ ማሳ ዳርና በአንድ ሩብ ሰዓት ውስጥ የተነሡ ናቸው።