እስኪበቃን ድረስ



በየዶርሙ ስለ እግር ኳስ የሚከራከር ሞልቷል። እኛ አምስታችን፣ ሦስት ወንድሞችና ሁለት እህቶች፣ ሁላችንም የኮልፌ ቀራንዮ ልጆች፣ ስንገናኝ የምንከራከረው ግን ስለ መጫወቻ ነው። ሰው የሚገፋው ይሻላል ወይስ በመብራት የሚዞረው? ከውሃ ሸርተቴና ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ከመውረድ የቱ ያስፈራል? የሚሰሙን ይስቃሉ። «ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁም አልተዋችሁትም?» ይሉናል። አልተውነውም። ዒድ ሲቃረብማ ክርክሩ ይብሳል፤ ለእኛ ዒድና መጫወቻ ተለያይተው አያውቁም።

ከአሥራ ስምንት ማዞሪያ እስከ አየር ጤና፣ ከዓለም ባንክ እስከ ቤቴል እኛ ያደግንበትን ኮልፌ የሚያውቅ ሰው በእጅ የሚገፋውን ሽክርክሪት ያስታውሳል። መሐል ላይ የቆመ የብረት ምሰሶ፣ ከምሰሶው እንደ ጃንጥላ ዘንግ የተዘረጉ ብረቶች፣ በብረቶቹ ላይ ቀለማቸው የለቀቀ ፈረሶችና ትንንሽ ወንበሮች። ሞተር የለውም። አንድ ወጣት እየሮጠ ይገፋዋል፣ ሲፈጥን ይለቀዋል፣ ሲዝል እንደገና ይይዘዋል። የዒድ ሶላት ተሰግዶ፣ ዘመድ ተዘይሮ፣ አጎትና አክስት የሰጡን ብር ኪሳችን ሲገባ፣ በአዲስ ልብሳችን የምንሮጠው ወደዚያ ነበር። ዙሁር አዛን ሲል ገፊው ሊሰግድ ይሄዳል፤ ወንበር የያዘ ልጅ ግን ቦታው እንዳይወሰድበት ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

አንድ ምስጢር እንንገራችሁ። ከምሰሶው አጠገብ ያለው ፈረስና ጫፍ ላይ ያለው ወንበር ዙሩን የሚጨርሱት እኩል ነው፤ የጫፉ ግን በዚያው ጊዜ ረጅሙን መንገድ ስለሚሄድ ይፈጥናል። ስለዚህ ደፋሩ ልጅ ወደ ጫፍ ይሮጣል፣ ትንንሾቹ ወደ ምሰሶው ይጠጋሉ። በኋላ ይህንኑ ነገር ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ስናገኘው አዲስ አልሆነብንም።

ይህን ሽክርክሪት አቅም ያጣ ሰፈር የሠራው መናኛ ቅጂ አድርጎ የሚያየው ሰው አይጠፋም። ታሪኩ እንደዚያ አይደለም። ፒዬትሮ ዴላ ቫሌ የተባለ የሮም ተጓዥ እ.ኤ.አ. በ1615 ከኢስታንቡል በጻፈው ደብዳቤ፣ በረመዳን በዓል ላይ ትልልቅ ዥዋዥዌዎችን እንዳየ፣ ሰው ጭኖ ወደ ላይና ወደ ታች በሚዞር ትልቅ መንኮራኩር ላይም እንደተሳፈረ ይተርካል። እርሱ በፍጥነቱ እጅግ ተደሰተ፤ አጠገቡ የነበረው ግሪካዊ ግን አልቻለምና «በቃ! በቃ!» እያለ ጮኸ። ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን ትልቅ መንኮራኩር ጆርጅ ፌሪስ በቺካጎ ኤግዚቢሽን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ቁመቱ 80 ሜትር ያህል ነበር፤ 36 ክፍሎቹም እያንዳንዳቸው 60 ሰው ይይዙ ነበር። ይህ የሆነው ግን ከኢስታንቡሉ በዓል ከ270 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የኮልፌው ገፊ እንግዲህ የቺካጎን ቀሪ እየለቀመ አይደለም፤ ሙስሊሞች በበዓላቸው ሲጫወቱበት የኖሩትን ጨዋታ ነው የያዘው።

ወደ ትልልቆቹ እንለፍ። ልጆች ሳለን የቦሌ መድኃኔዓለሙ ኤድና ሞል የሕልማችን አገር ነበር። ታክሲ ቀያይሮ እዚያ መድረስ ራሱ ግማሽ ጨዋታ ነው። ከቤት ውስጥ መጫወቻዎች ሁሉ እርስ በርስ የሚጋጩትን መኪኖች እናስቀድማለን። ምክንያታችን ቀላል ነው፦ ታናሽ ታላቁን በፈቃድ የሚገጭበት ሌላ ቦታ የለም። ሁለተኛ ደረጃ የምንሰጠው በ2013 ዓ.ም. ለተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ዚፕ ላይን ነው። እዚያ ላይ ግን ተለያይተናል። ሁለታችን ገመዱ ላይ የሚበረው ጊዜ ነው ዋናው እንላለን። ሦስታችን ደግሞ ዋናው ከመልቀቅ በፊት ያለው ጊዜ ነው ባዮች ነን፤ ቀበቶው ታስሮ፣ እግር ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ከኋላ ያለው ሰልፍ እያየህ መመለስ የሚያሳፍርበት ያ ጊዜ።

ሮለር ኮስተር ከመካከላችን የተሳፈረ የለም፤ በቪዲዮ ግን ያላየነው የቀረ አይመስለንም። የተለመደው ዓይነት በሰንሰለት ተስቦ የመጀመሪያውን ዳገት ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ሞተር አይነዳውም፣ ከዳገቱ ያገኘውን ጉልበት እየመነዘረ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ለዚህም ነው ተከታዮቹ ዳገቶች ከመጀመሪያው የሚያንሱት። አቡ ዳቢ ላይ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተው ፎርሙላ ሮሳ ግን ዳገት አይጠብቅም፤ ከቆመበት ተስፈንጥሮ በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። እናደንቀዋለን። ነገር ግን ተሳፋሪዎቹ ሲወርዱ ፊታቸውን ስናይ አንድ ነገር ይጎድልብናል፦ ማንም አጥር ላይ ተደግፎ ስማቸውን እየጠራ አይጠብቃቸውም።

ታሪክ ስለሚናገሩ ቦታዎችም አስተያየት አለን። በ2012 ዓ.ም. በቤተ መንግሥቱ ግቢ የተከፈተው አንድነት ፓርክ፣ በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ፣ የሳይንስ ሙዚየሙም ክብ አዳራሽ አሉን። የእኛ መመዘኛ አንዲት ጥያቄ ናት፦ የሰባት ዓመት ልጅ ቤቱ ሲመለስ ለአያቱ ምን ብሎ ይተርካል? «ጥቁር አንበሳ አየሁ፣ ሲያዛጋም አየሁት» ካለ ቦታው ሥራውን ሠርቷል። «ብዙ መብራት ነበር» ብቻ ካለ ግን ወጪው ለመብራቱ ሆኗል ማለት ነው። ዱባይ ውስጥ በኢብን ባቱታ ስም የተሠራ የገበያ አዳራሽ አለ፤ እዚያ የአል-ጀዘሪ የዝሆን ሰዓት በትልቁ ተሠርቶ ቆሟል። አል-ጀዘሪ ስለ ብልሃተኛ መሣሪያዎቹ የጻፈውን መጽሐፍ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1206 ነው። የዝሆኑ ሰዓት በውሃ ይሠራል፤ በየግማሽ ሰዓቱ ኳስ ይወድቃል፣ እባብ ያጎነብሳል፣ ዝሆን ነጂው ይመታል። ለአያት የሚተረክ ነገር ይህን ይመስላል።

እኛም አንድ ሕልም አለን። የመጀመሪያው ሂጅራ ወደ ሐበሻ ምድር ነው። ልጆች በጀልባ መሰል ወንበር ተቀምጠው፣ በጨለማ ውስጥ የቀይ ባሕር ማዕበል እያናወጣቸው ተሻግረው፣ ጠዋት ብርሃን ሲሆን አክሱም የሚደርሱበት መጫወቻ ቢኖርስ? የሶሓባዎች ምስል ባይኖርበትም ምንም አይጎድለውም፤ ነፋስ፣ ውሃ፣ የግመል ደወልና ንጋት ይበቃሉ። ስደተኛ ሆኖ መምጣት ምን እንደሚመስል፣ በር የሚከፍት ንጉሥ ማግኘትም ምን ማለት እንደሆነ አንድ ልጅ በአሥር ደቂቃ ይገባዋል። ከመካከላችን ምህንድስና የሚማሩት ሁለቱ ንድፉን በደብተራቸው ጀርባ ጀምረውታል።

ከዚህ ሁሉ ክርክር በኋላ ግን አሁንም አንደኛ የምናደርገው ያንን ሞተር አልባ ሽክርክሪት ነው። በማሽን የሚዞረው በአንድ ቁልፍ ተነሥቶ በሰዓቱ ይቆማል፤ ልጁ ቢደሰትም ቢያለቅስም ጊዜው ጊዜው ነው። ገፊው ግን ይሰማል። «ጋሼ፣ አንዴ ድገመን!» ሲባል ላቡን ጠርጎ አንድ ዙር ይጨምራል፤ «በቃ!» የሚል የለቅሶ ድምፅ ሲሰማ እግሩን ተክሎ ያቆመዋል። በ1615ቱ መንኮራኩር ላይ የጮኸው ግሪካዊም የጮኸው የሚሰማው ሰው ስለነበረ ይመስለናል።

ይህን ስንል አንድ ሐዲስ ትዝ ይለናል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ በዒድ ቀን ሐበሾች መዲና መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ፣ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከጀርባቸው ሆና ጨዋታውን እንድታይ ቆመውላታል። እርሷ እስኪበቃት ድረስም አልተንቀሳቀሱም። ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሣው ተጫዋቾቹ ሐበሾች ስለሆኑ ነው፤ ደስም ይለናል። እኛን ግን ይበልጥ የሚይዘን ያ መቆም ነው። የሕዝብ ጉዳይ ሁሉ ትከሻቸው ላይ የነበረ ሰው፣ አንዲት ወጣት ጨዋታ አይታ እስክትጠግብ ቆመው ጠበቁ።

እህቶቻችን ይህን ሲያነቡ የሚሉትን እንጻፍ፣ ጽሑፉ የእነርሱም ነውና። ሴት ልጅ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት «አንቺማ አድገሻል፣ ታናናሾችሽን ያዢ» ትባላለች። ከዚያ ዒድ ጀምሮ የወንድሞቿን ጫማና የከረሜላ ፌስታል ይዛ አጥር ሥር ትቆማለች። ማንም ከለከላት አይባልም፤ ግን ማንም «ተራሽ ደርሷል» አይላትም። ሁለቱም እህቶቻችን የመጨረሻ ዙራቸውን የተሳፈሩበትን ዒድ ያስታውሳሉ። የመጨረሻ መሆኑን በጊዜው አላወቁም ነበር።

ከአጥሩ ውጭ የሚቆሙ ሌሎችም አሉ። ከመካከላችን አንዱ አባቱን በልጅነቱ ያጣ ነው። በዒድ ቀን አዲስ ልብስ አልነበረውም፤ ብርም አልነበረውም። ሽክርክሪቱን ሲያይ የዋለውን ልጅ ገፊው ጠራውና «ሦስት ዙር ከገፋህልኝ አንድ ዙር ትቀመጣለህ» አለው። ያን ቀን ሲገፋና ሲቀመጥ ዋለ። ዛሬ የቱ መጫወቻ ይሻላል ብለን ስንጠይቀው፣ ፈረሱን ወይም ወንበሩን ሳይሆን መግፋቱን ይመርጣል። «ልጆቹ ሲስቁ ፊታቸው የሚታየው ለገፊው ነው» ይላል። ምጽዋት አልሰጠውም፤ ሥራና ተራ ሰጠው። ያ ሰው ምን ያህል እንዳሰበበት አናውቅም፣ አላህ ግን ያውቃል።

ዘካተል ፊጥር ከዒድ ሶላት በፊት የሚሰጠው ችግረኛው በዚያ ቀን ከመለመን እንዲያርፍ ነው። ያ ምግቡን ይሸፍናል። የልጁን ዙር ግን ማን ይከፍላል? ጀመዓችን በዒድ ሰሞን ለመዝናኛ ጉዞ ገንዘብ ያዋጣል፤ እንሄዳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ እንመለሳለን። ጉዞው ይቅር አንልም፤ እኛው ራሳችን ቀድመን የምንሳፈር ነን። ለዘንድሮ ግን ይህን ሐሳብ አቅርበናል፦ ከመዋጮው ከፊሉ ተቀንሶ ኮልፌ ላይ አንድ ሽክርክሪት ለሙሉ ቀን በኮንትራት ይያዝ። ገፊው ሙሉ ዋጋውን ያግኝ፤ የመጣ ልጅ ሁሉ ሳይከፍል ይሳፈር። ከሰዓት በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት ደግሞ ለሴቶች ልጆች ብቻ ይሁኑ፤ ያደጉትንም ጨምሮ። ታናናሾቻቸውን እኛ እንይዛለን።

«በዚህ ብር መጽሐፍ ቢገዛ አይሻልም?» ያለን ወንድም አለ። መጽሐፉም ይገዛ፤ ዓመቱ ረጅም ነው። ዒድ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የሚመጣው፤ ልጅነት ውስጥ ያሉት ዒዶች ደግሞ ቢቆጠሩ ጥቂት ናቸው።

ለመምጣት ለምታስቡ ጥቂት ምክር ከልምዳችን። ልጅ ከመሳፈሩ በፊት ሽክርክሪቱን ባዶውን አዙሩት፤ ኩሽኔታው የሚጮህ ወይም ምሰሶው የሚወዛወዝ ከሆነ ባለቤቱ ሳያስተካክለው አትጀምሩ። ብየዳው የተሰነጠቀ፣ ብሎኑ የላላ መሆኑን በእጃችሁ ነክታችሁ እዩ። የረዘመ ቀሚስ፣ ጅልባብና ሻሽ ከሚዞር ብረት ጋር እንዳይያዝ ተጠቅልሎ ከጉልበት ሥር ይግባ። ትንንሾቹን ወደ ምሰሶው አስጠጉ። ከሁሉም በላይ ጆሯችሁን ክፈቱ፤ ልጅ «በቃ» ሲል አንድ ጊዜ ይበቃል።

የሚገፋ ጉልበት እንፈልጋለን። ስማችሁን ለጀመዓው ተወካይ አስመዝግቡ። ሦስት ዙር የገፋ አንድ ዙር ይቀመጣል፤ ደንቡ ያው የድሮው ነው።