የሐይቁ ዘበኛ

ከካምፓላ በስተደቡብ፣ በጋባ የዓሣ ማራገፊያ ቆመን ቪክቶሪያ ሐይቅን ስንቃኝ የማምባ ነገር አስገረመን። ማምባ ሳንባ ያለው ዓሣ ነው፤ ስንጥቡ ብቻ ስለማይበቃው ብቅ ብሎ አየር ካልሳበ እውኃው ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ሊቃውንት «ፕሮቶፕቴረስ ኤቲዮፒከስ» ሲሉ በጥንቱ የኢትዮጵያ ስም ጠርተውታል። በቡጋንዳ በስሙ የሚጠራው ጎሣ ሥጋውን አይበላም።

በውቅያኖስ የሚኖሩት ዓሣ ነባሪና ዶልፊንም በሳንባ ይተነፍሳሉ፤ እነርሱ ግን ዓሣ ሳይሆኑ ጡት አጥቢዎች ናቸው። ዶልፊን ትንፋሽዋን የምትስበው አውቃ በመሆኑ፣ ግማሽ አንጎሏ ሲተኛ ግማሹ ነቅቶ ያድራል።

በማምባ ዘንድ እንቁላሉንና ጫጩቶቹን የሚጠብቀው አባት ነው። ጎጆውን የሚሠራው በረግረግ ነው፤ የካምፓላ ረግረጎች ግን ለሕንፃና ለእርሻ እየተደፈኑ ናቸው። ውድ አንባቢያን፣ ዘብ ለቆመ ሁሉ ትልቁ ስንቁ የሚጠብቀው ጎጆ መኖሩ ነው።