ሲፈራ የሚሥቅ ልጅ

በኢሉባቦር ምድር በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲቀላ፥ ከመቱ እስከ ያዩ ባሉት ከተሞችና ቀበሌዎች የትምህርት ቤቱ ወንበር ይሳሳል፤ ሕፃናቱ ከወላጆቻቸው ጋር ለቀማ ይወርዳሉና። እኛም ከእነዚህ ከተሞች በአንዲቱ መምህር ሳለን፥ ሦስት ቀን ቀርቶ በአራተኛው የመጣ አንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ በጓደኞቹ ፊት አቁመን ብንገሥጸው ሣቀብን። ንቀት መስሎን በልምጭ መታነው፤ አብዝቶ ሣቀ፤ እኛም አብዝተን መታነው።

በማግሥቱ እናቱ መጣች። ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ በኦሮምኛ «ባርሲሳ» ብላ ጠራችን፤ መምህር ሆይ ማለቷ ነው። «ይህ ልጅ ሲፈራ ነው የሚሥቀው። አባቱን በቀበርን ዕለትም ሲሥቅ ዋለ፤ ሰውም ታዘበን» አለችን። የምንመልሰው ቃል አጣን።

ሕፃን በትምህርት ቤት እንዳይገረፍ የአገሪቱ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. በአንቀጽ 36 ደንግጓል። እኛ ልምጩን ያነሣነው ከዚያ በኋላ ነው። ሕጉን ሳናውቅ ቀርተን አይደለም፤ ያላወቅነው የልጁን ፊት ማንበብ ነበር።

የባሕር ማዶ ሊቃውንት ይህን ዕውቀት «ማኅበራዊና ስሜታዊ ትምህርት» ይሉታል። በአሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ለዚሁ የተቋቋመ ማኅበር፥ ልጅ የገዛ ስሜቱን ማወቅን፥ ራሱን መግዛትን፥ የሌላውን ሐዘን መረዳትን፥ ከባልንጀራው ጋር መስማማትንና አስቦ መወሰንን እንደ ሒሳብ ሁሉ በሥርዓት እንዲማር ይሠራል። በእኛም አገር በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብ ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ተመልሷል። መልካም ነው፤ ነገር ግን ሥጋት አለን። መጽሐፉና መመሪያው ከመቱ ወደ ሁሩሙ፥ ወደ ያዩና ወደ ጎሬ መድረሱ ብቻውን ምን ይበጃል? የትዕግሥትን ትርጓሜ ለፈተና በቃሉ ያጠና ልጅ፥ በዚያው ዕለት በመምህሩ ቢሰደብ የሚማረው ስድቡን ነው።

ስለዚህ ነገሩ ከመምህራን ቢጀመር እንወዳለን። በየወረዳው ጎረቤታሞች የሆኑ ትምህርት ቤቶች በአንድ የጉድኝት ማዕከል ሥር ተያይዘዋል፤ መምህራኑም ስለ ማስተማር ዘዴ በዚያ ይመካከራሉ። ከምክክሩ ጥቂቱን ጊዜ ስለ አንድ ልጅ ብቻ፥ ስሙ ሳይነሣ፥ «ይህን የሚያደርገው ስለ ምን ይሆን?» ተብሎ ቢነጋገሩበት ገንዘብ አያስወጣም። እናትና አባትም፥ ከተቻለ ከቡናው ለቀማ አስቀድሞ፥ ስለ ልጃቸው ጠባይ ቢጠየቁ ደግ ነው፤ እኛ ከዱላው በኋላ የሰማነውን ሌላው መምህር አስቀድሞ ይሰማዋል። ክፍሉ በልጆች ለተጨናነቀበት መምህር ይህ ሸክም መሆኑን አንዘነጋም፤ ራሳችን ተሸክመነዋል።

ልጁን ከሳምንት በኋላ በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅነው፤ የመታነው በዚያው ፊት ነበርና። አሁንም ሣቀ። ያ ሣቅ የፍርሃት ይሁን የደስታ እስከ ዛሬ አልለየነውም።