ቀሪ ሂሳብ

ሰዋስው በግዕዝ መሰላል ማለትም ነው። ቀን በባንክ መስኮት ከቁጥር ጋር፣ ማታ ከስንኝ ጋር ለምውል ለእኔ ይህ ቃል ውድ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ባልጠበቅሁት ሥፍራ፣ በኮምፒውተር ቋንቋዎች ሰዋስው ውስጥ፣ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ10 ላይ 4፣ ከዚያም 3 ሲቀነስ ቀሪው 3 ነው። ሕጉ ለማሽን ሲጻፍ፦ «ስሌት ማለት ቁጥር ነው፤ ወይም ስሌት፣ የመቀነስ ምልክትና ቁጥር ነው» ይላል። ሕጉ እውነት ነው። ሆኖም ከላይ ወደ ታች የሚወርድ አንባቢ ፕሮግራም «ስሌት»ን ሊፈታ ሲነሣ በመጀመሪያ የሚገጥመው ያው «ስሌት» ነው፤ አንዲት ምልክት ሳያነብ ራሱን እየጠራ በዚያው ይቀራል።

መድኃኒቱ ሕጉን መለወጥ ነው፦ «ስሌት ማለት ቁጥርና ተከታይ ነው፤ ተከታይ ማለት ባዶ ነው፤ ወይም የመቀነስ ምልክት፣ ቁጥርና ተከታይ ነው።» ሁለቱ ሕጎች የሚቀበሏቸው ዓረፍተ ነገሮች አንድ ናቸው። ሺላ ግሬባክ የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1965 ከዚህም ርቀው፣ ከዐውድ ነጻ የሆነ ሰዋስው ሁሉ፣ ከባዶው ሐረግ በቀር ምንም ሳይጎድልበት፣ እያንዳንዱ ሕጉ በተጨባጭ ምልክት እንዲጀምር ሆኖ ሊጻፍ እንደሚችል አሳይተዋል።

ዳሩ ግን ቃል ሳይጎድል ትርጉም ሊጎድል ይችላል። በአዲሱ ሕግ የሚበቅለው ዛፍ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። ማሽኑ የዛፉን ቅርጽ ተከትሎ ቢያሰላ አስቀድሞ ከ4 ላይ 3ን ይቀንሳል፤ ከዚያም ከ10 ላይ 1ን አንሥቶ «ቀሪው 9» ይላል። 10 ሺህ ብር የነበራቸው ደንበኛ 4 ሺህ፣ ቀጥሎም 3 ሺህ አውጥተው ሳለ «ቀሪዎ 9 ሺህ ነው» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ባለሙያ እስከዚያ የተገኘውን ቀሪ ለ«ተከታይ» አስይዞ ይልከዋል፤ 10ን ይዞ 4ን ሲያገኝ 6፣ 6ን ይዞ 3ን ሲያገኝ 3። ቅርጹ ተለውጧል፤ ሂሳቡ ግን አልተናጋም።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ የማሽን ጉዳይ ብቻ አይምሰልህ። አባቴን በማስታውስበት ግጥም ውስጥ «የሟቹ አባቴ ወዳጅ» የሚል ሐረግ አለ። አንድ የጥበብ ጓደኛዬ ለጆሮ ይጣፍጥ ብሎ «ሟቹ የአባቴ ወዳጅ» አደረገልኝ። ምስጋናዬን አቅርቤ የቀድሞውን መለስሁ። ወዳጁ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ በየሳምንቱም እናቴን ይጠይቃሉ። ከሐረጉ አንዲት ፊደል አልጎደለችም፣ አልተጨመረችምም፤ «የ» ብቻ ቦታዋን ለቀቀች። የሞተው ሰው ግን ሌላ ሆነ።