ጠላችን ቢወዳደር

አሜሪካኖች ቤታቸው ቢራ ለመጥመቅ የፕሬዚዳንት ፊርማ ያስፈለጋቸው ሰዎች ናቸው። የመጠጥ ክልከላው በ1933 እ.ኤ.አ. ሲነሣ ወይን ቤት ውስጥ ማዘጋጀት ተፈቀደና ቢራ ተረስቶ ቀረ። ጂሚ ካርተር በ1978 ፈርመው እስኪያስተካክሉት ድረስ፣ ጓዳው ውስጥ አንዲት ገንቦ ያህል የጠመቀ ሰው ሁሉ በፌዴራል መንግሥቱ ዓይን ጥፋተኛ ነበር። ከተፈቀደም በኋላ ልክ ተቆረጠለት፤ ሁለት አዋቂ ያሉበት ቤት በዓመት ከ200 ጋሎን፣ 750 ሊትር ግድም መሆኑ ነው፣ እንዳያልፍ፤ ደግሞም እንዳይሸጥ። ይህን ለእትዬ ብነግራቸው "ልጅ የሚድሩ ጊዜስ?" አሉኝ።

እትዬ የእናቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ቤታቸው መንዝ ጌራ ምድር፣ ከጓሳ ጫፍ ነው።

የሆነ ሆኖ ሰዎቹ ፈቃዱን ካገኙ በኋላ አልቦዘኑም። ጂም ኮክ የሚባል ሰው በ1984 እ.ኤ.አ. ከአባቱ ቤት ቆጥ ላይ የቅም አያቱን የሉዊ ኮክን የአጠማመቅ ወረቀት አወረደና ወጥ ቤቱ ውስጥ ጠመቀው። በዓመቱ ዴንቨር ላይ በተደረገው ታላቁ የአሜሪካ ቢራ ፌስቲቫል ጠጪው ድምፅ ሰጥቶ አንደኛ አወጣው። የራሱ ፋብሪካ ስላልነበረው ለገበያ የሚሆነውን የሚያስጠምቀው በሌላ ፋብሪካ ነበር። ሳሙኤል አዳምስ የሚባለው ቢራ እንዲያ ነው የተወለደው። ሰውየው የወጥ ቤቱን ውለታ አልረሳም መሰለኝ፣ በ1996 "ሎንግሾት" የሚል የቤት ጠማቂዎች ውድድር ከፈተ። ያሸነፈው ቢራ በፋብሪካው በብዛት ተጠምቆ፣ የጠማቂው ስም ተለጥፎበት ገበያ ይወጣ ነበር። አንድ ሰው ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዡ ውስጥ ያፈላው ነገር ከርሞ በየሱቁ ተደርድሮ ይገኝ ነበር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ወሬ ስሰማ ወደ አገር ቤት ማዞር ልማዴ ነው። ፋብሪካውማ አለን። ደብረ ብርሃን ላይ ሐበሻ ቢራ በ2007 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ባለአክሲዮኖች ያዋጡበት፣ የሆላንዱ ባቫሪያም የገባበት። ዳሸን ከጎንደሩ ሌላ ሁለተኛ ፋብሪካውን እዚያው ተከለ። ቀጥሎ የቤልጅጉ ቡርትማልት በዓመት 60,000 ቶን ብቅል የሚያወጣ ፋብሪካ ይዞ ከተፍ አለ። ድሮ በብርድ ልብስ የሚታወቅ ከተማ አሁን በቀዝቃዛ ቢራ መታወቁ የራሱ ቀልድ አለው። ጠማቂ እንደሆነ በየቤቱ ነው። ውድድሩም አለ፣ ማኅበር ይባላል።

በወሩ ቅዱስ ቀን ተረኛዋ ቤት ይገባል። ካህኑ ይባርካሉ፣ ሙሴው ጽዋውን ያነሣል፣ ዳቦው ይቆረሳል፤ ከዚያ ጠላው ይዞራል። ነጥብ የሚጽፍ ሰው የለም። ሽማግሌው ባናቸውን ሰብሰብ አድርገው ጣሳውን ወደ በሩ ብርሃን ያዘነብሉና ቀለሙን ያያሉ፤ አንዴ ጎንጨት፣ ከዚያ ዝም። ዝምታው ከረዘመ ክፉ ነው። "ጌሾው ጠና ብሏል" ከተባለ ማስጠንቀቂያ ነው። "ውሃ በዝቶበታል" የተባለች ሴት እስከሚቀጥለው ፋሲካ አትረሳውም። "ገና ጉሽ ነው" ማለት ደግሞ ቀን አልቆጠረችም ማለት ነው። ያሸነፈ ጠላ የሚታወቀው በምስጋና ብዛት እንዳይመስላችሁ፤ ሰዎቹ ወደ ቤታቸው የሚሄዱበት ሰዓት ሲጠፋቸው ነው። ሽልማቱም አለ። ሰፈር ውስጥ ሠርግ በመጣ ቁጥር "ጠላውን እሳቸው ይጥመቁልን" ይባላል። የበለጠ ሥራ፣ ያለ ክፍያ። እትዬ ይህን ሽልማት ዕድሜ ልካቸውን ሲቀበሉ ኖረዋል።

ታዲያ የዚህ ጠላ ምንጩ የት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ከአማቴ" አሉ።

እሳቸውስ ከማን?

"ከአማታቸው ነዋ።"

እንዲህ ከአማት ወደ አማት እየተሻገርን ብንሄድ አክሱም እንገባለን። ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ ላይ ባስቀረጸው ጽሑፍ፣ ያስገበራቸውን የቤጃ ሰዎች ወደ ሌላ አገር ሲያዛውር ዳቦና ሥጋ፣ ወይንና የእህል መጠጥ እንዳጠገባቸው ይናገራል። የንጉሡ ስም ተቀርጿል፣ የዘመቱት ወንድሞቹም ስም ተቀርጿል፤ ያን ሁሉ ሕዝብ ያጠጣው መጠጥ ግን ማን ጠመቀው የሚል መስመር የለበትም። ስም መለጠፍ ለካ የመጣው ከጠርሙስ ጋር ነው።

የእትዬን አጠማመቅ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጬ አይቼዋለሁ። ጋኑ ደጋግሞ ይታጠባል፤ ከዚያ አፉ ቁልቁል ተደፍቶ ከገበያ በመጣ ወይራ ይታጠናል። ጭሱ እስኪያስል ድረስ። የጌሾው ቅጠል ተወቅጦ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል፤ ብርዱ ከበረታ ጥንስሱ ቀን ይጨመርለታል፣ በዚያ ከፍታ ደግሞ ብርዱ የማይበረታበት ጊዜ ጥቂት ነው። ብቅሉ ይገባል፦ ገብስ ነው፣ ተዘፍዝፎ፣ ጎንቁሎ፣ ደርቆ የተፈጨ። ቂጣው ተጋግሮ፣ ተቆራርሶ ይከተላል። አሻሮው ላይ ሲደርሱ ግን እትዬ ሰው አያስጠጉም። ገብሱ ምጣድ ላይ እየታመሰ ከወርቅማ ወደ ቡና፣ ከቡና ወደ ጥቁር ይሄዳል፤ የጠላው ቀለምም ጣዕምም እዚያ ላይ ያልቃል። ቢዘገይ አመድ አመድ ይላል፤ ቢቸኩል ጠላው ገርጥቶ ይወጣል። ሰዓት አያዩም፣ ዓይናቸውም ምጣዱ ላይ የለም፣ ወደ በሩ ነው፤ ሽታው ሲለወጥ ብቻ እጃቸው ይንቀሳቀሳል።

"መቼ ነው የሚለወጠው?"

"ሲለወጥ።"

የጂም ኮክ ቅም አያት ይህችን ወረቀት ላይ እንዴት አድርጎ እንደጻፋት ባውቅ ደስ ይለኛል። ከአሻሮው በኋላማ ሥራው ቀላል ነው፤ የጌሾ እንጨት ይጨመራል፣ ድፍድፉ ይሰነብታል፣ ውሃ ይሞላል፣ የጋኑ አፍ ይመረጋል። እርሾ የሚጨምር ሰው የለም። ተመራማሪዎች ጠላ ውስጥ ያገኟቸው ሳካሮማይሲስ ሴሬቪሲ የተባለው የቢራና የዳቦ እርሾ እና ላክቶባሲለስ የሚባሉት አሲድ ሠሪ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ከጌሾው፣ ከእህሉ፣ ከጋኑ ግድግዳ የሚነሡ። እትዬ ድስት ያውሳሉ፣ ምጣድ ያውሳሉ፤ ጋናቸውን ግን "ተሰነጠቀ" ብለው ይዋሻሉ። ምክንያቱን ላቦራቶሪ ሳይነግራቸው ያውቁታል።

እንግዲህ እንበልና ከፋብሪካዎቹ አንዱ ይህን ጠላ አሸናፊ ብሎ ሊጠምቀው ተነሣ።

ገና ከበሩ ጭቅጭቅ አለ። የቢራ ገብስ ፕሮቲኑ ከ9 እስከ 11.5 በመቶ አካባቢ እንዲሆን ይፈለጋል፤ ከዚያ ከበዛ ስታርቹ ያንሳል፣ ቢራውም ይደፈርሳል። ፍሬው የተስተካከለ፣ ሲዘፈዘፍም አንድ ላይ የሚጎነቁል መሆን አለበት። የእትዬ ገብስ ግን ለቆሎም፣ ለበሶም፣ ለእንጀራም፣ ለጠላም የሚበቃ፣ ውርጭ እየመታው ያደገ የደጋ ገብስ ነው። የጥራት ተቆጣጣሪው ጨበጥ አድርጎ አይቶ ይመልሰዋል። ድፍርስ መሆኑ ደግሞ ጠላን ምን ጎድቶት ያውቃል?

ጌሾ ሌላው ነው። የቢራ መራራነት ከሆፕ ነው የሚመጣው፤ ሆፕ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ዕቃ ነው። ጌሾን በሆፕ ቦታ ለማስገባት የሞከሩ የአገራችን ተመራማሪዎች አሉ፤ ጌሾይዲን የተባለ መራራ ንጥረ ነገር እንዳለውም ይታወቃል። በዶላር እጥረት ለሚጨነቅ አገር ይህ ከባድ ሐሳብ አይመስለኝም ነበር። ግን ጠጪው ለምዷል። ቅዱስ ጊዮርጊስ አዲስ አበባ ላይ ከተከፈተበት ከ1915 ዓ.ም. ጀምሮ የጀርመን ዓይነት ቢራ ሲጠጣ የኖረ ጉሮሮ፣ ጠርሙስ ከፍቶ ጌሾ ቢያገኝ ተበላሽቷል ብሎ ይመልሳል።

ዋናው ጣጣ ግን ጠላ ሕይወት ያለው መሆኑ ነው። ቢራ ይጣራል፣ ጠርሙስ ውስጥ ገብቶ 60 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚንቀሳቀስ ነገር አይኖርበትም፣ ወራት ይቆያል። ጠላ ጣሳው ውስጥም ሥራውን አያቆምም። ጓሳ ላይ አሽጋችሁ ወደ ሸዋሮቢት ቆላ ብታወርዱት ሙቀቱ ሲያገኘው ጠርሙሱ መንገድ ላይ ይፈነዳል፤ ካልፈነዳም ሆምጥጦ ይደርሳል። እናሙቀው ካላችሁ ደግሞ እርሾውም ያ ደስ የሚል ኮምጠጥ ማለቱም አብረው ይሞታሉ፤ የሚቀረው የጭስ ሽታ ያለው ቡናማ ውሃ ነው። ፋብሪካ የሚፈልገው የዛሬው ጠርሙስ ከትናንቱ እንዳይለይ ነው። ማኅበርተኛው ደግሞ የሚመጣው የዘንድሮው ከአምናው ተለይቶ እንደሆነ ለማየት ነው፤ ካልተለየ በምን ይማል፣ ምን ያማል?

ይህ ሁሉ በመሐንዲስ ይፈታል እንበል። ውሉን ማን ይፈርማል? ሎንግሾት ላይ የአሸናፊው ቢራ ባለቤት አንድ ሰው ነበር፣ ስሙ ተለጠፈ፣ አለቀ። እኛ ጋ አሻሮው የአማትየው ነው፤ የጌሾው መጠን ከጎረቤት የተቀዳ ነው፤ ብቅሉን ያበቀለችው ምራቲቱ ናት። መንዝ ደግሞ የጋራ ነገርን መያዝ ያውቅበታል። ጓሳ ራሱ ምስክር ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአስቦና የጌራ ዘሮች ሣሩን በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል፤ አባ ቄራ የሚባል ጠባቂ ይመረጣል፣ ሜዳው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈትና ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ ይታጨዳል። ያለ ጊዜው ገብቶ ያጨደ ይቀጣል። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ሕዝቡ ግን በኮሚቴ መልክ መልሶ አቆመው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬ ድረስ እዚያ የሚታዩት ለዚህ ነው። ጠላው ግን አባ ቄራ የለውም። የፋብሪካው ጠበቃ ውል ይዞ ቢመጣ ጓሳ ዙሪያ ያሉ ሴቶችን ሁሉ ማስፈረም ሊኖርበት ነው፤ የሞቱትን አማቶች ሳይጨምር።

እስከዚያው ቢራው ራሱ ማንንም ሳያስፈርም ወጥቶ መንዝ ገብቷል። ማኅበር ላይ ከጋኑ ጎን ሳጥን ይቀመጣል፤ ሠርግማ ያለ ሳጥን ሠርግ አይባልም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቢራን ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ሲያወርደው ገበያው ይቀዘቅዛል ተብሎ ነበር፤ እኔ እስከማየው የቀዘቀዘው ቢራው ብቻ ነው። የጠላ ቤቷ ማስታወቂያ፣ ያች እንጨት ላይ የተደፋች ጣሳ፣ አዋጁ ሳይነካት እንደተሰቀለች አለች። እኔ የከተማው ሰው ሳጥኑን ሳይ ቅር ይለኛል። እትዬ ደግሞ በእኔ ቅር መሰኘት ይስቃሉ፤ ውሃ የሚቀዳው፣ እንጨት የሚሸከመው፣ በጭሱ ዓይኑ የሚያለቅሰው እኔ አይደለሁማ። የልጅ ልጃቸው ሲዳር "ግማሹን በሳጥን አድርጉት" ብለው ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ፍርዱ ትክክል ነው፤ የጠላን ክብር በሴት ወገብ ላይ ተቀምጦ ማውራት ይቀላል።

ባለፈው ስሄድ ነገሩን በቁም ነገር አቀረብኩላቸው። ፋብሪካው መጥቶ ጠላዎን በፋብሪካ ልጥመቀው፣ ስምዎንም ጠርሙሱ ላይ ልጻፍ ቢል ይፈቅዳሉ ወይ አልኳቸው።

"ገንዘብ ይሰጣል?"

"ይሰጣል።"

"አተላውንስ ምን ያደርጉታል?"

የፋብሪካ አተላ እንደሚሸጥ፣ ከብት አድላቢዎችና ወተት አምራቾች እየገዙ እንደሚወስዱት ነገርኳቸው። ይህ አስደሰታቸው፤ አተላ የማይጥል ሰው ሁሉ ለእሳቸው ጨዋ ነው። ትንሽ አሰቡና ሌላ ጥያቄ አመጡ።

"ዋናውን ከቀዱ በኋላ ድፍድፉ ላይ ውሃ ሞልተው ቅራሪውን ለማን ይሰጡታል?"

"ፋብሪካ ቅራሪ የለውም፣ እትዬ።"

"ምንም?"

"ምንም።"

"እረኛው ምን ይጠጣ ታዲያ?" አሉና፣ ጉዳዩ እንዳበቃ ሁሉ አሻሮውን ለማመስ ተነሡ።