ጠባይ የጎደለው መነኩሴ

ልጆች ለጨዋታቸው ሰው ሲፈጥሩ ኃይለኛ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። የማይሸነፍ፣ የማይደክም፣ የማይፈራ ያደርጉታል። ፈጥረው ሲጨርሱ ግን ምን እንደሚያናግሩት ይቸግራቸዋል። በዛሬው ዓምዳችን የማነሣላችሁ ጉዳይ ይኸው ነው። ነገሩ የጨዋታ ቢመስልም ልጆቻችንን ከማወቅ ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ውሎ ከሥራ ተመልሳችሁ ማታ ብቻ ከልጆቻችሁ ጋር የምትገናኙ እናቶች ጥቂት ጊዜ ብትሰጡት አትጎዱበትም።

ጨዋታው ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ጓደኛ ካለ ይበቃዋል። ጥቂት ሰዎች በጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሪ ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ በወረቀት ላይ የጻፉትን ገጸ ባሕርይ ወክለው «እኔ በሩን እከፍታለሁ»፣ «እኔ ሽማግሌውን እጠይቃለሁ» እያሉ ይቀጥላሉ። የሞከሩት ነገር መሳካት አለመሳካቱ የሚታወቀው፣ እንደ ሉዶው ዳይስ ያለ ግን 20 ገጽ ያለው መጫወቻ ተጥሎ በሚወጣው ቁጥር ነው። ከገጸ ባሕርያቱ መካከል ጦረኛ፣ አስማተኛ፣ ሌባና መነኩሴ ይገኙበታል።

አስማት ሲባል የምትሰጉ እናቶች እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካም አንዳንድ ወላጆች ጨዋታው ልጆችን ከአጋንንት ጋር ያዛምዳል ብለው ዘመቻ ከፍተውበት ነበር። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አዳመጥኩ፤ የሰማሁት ልጆች ተረት ሲተርቱ ነው።

ወደ ቤታችን ያመጣው ባለፈው ክረምት ከአሜሪካ ለዕረፍት የመጣው የእኅቴ ልጅ ነው። የ13 ዓመቷ ልጄ ከሁሉ መርጣ መነኩሴ ልሁን አለች። እዚህ ላይ ቃሉ እንዳያሳስታችሁ። እኛ መነኩሴ ስንል ቆብ የደፋ፣ መቋሚያ የያዘ፣ በጾምና በጸሎት የተወሰነ አባት ይታየናል። የጨዋታው መነኩሴ ግን ምንጩ ቻይና ነው። በሄናን ክፍለ ሀገር የሚገኘው የሻኦሊን ገዳም የቡድሃ መነኮሳት በባዶ እጅ በመታገል ጥበባቸው የታወቁ ናቸው። የኩንግ ፉ ፊልም በአሜሪካ እጅግ በተወደደበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1975፣ መነኩሴው በጨዋታው ተጨማሪ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። በልጅነታችን በየሰፈሩ ቪዲዮ ቤት ተሻምተን ያየነውን ሰው አስታውሱ፤ እርሱ ነው። ጥሩር አይለብስም፤ በእጁና በእግሩ ይዋጋል፤ በግድግዳ ላይ ይሮጣል፤ የተወረወረበትን ፍላጻ አየር ላይ ይቀልባል።

ልጄም በወረቀቷ ላይ «ዝምተኛ ነው፤ አይቆጣም፤ አይፈራም፤ ምንም አይፈልግም» ብላ ጻፈች። ጨዋታው ተጀምሮ ሌሎቹ ሲከራከሩ፣ ሲዋዋሉ፣ ሲሳሳቁ፣ የእርሷ መነኩሴ ጠብ እስኪነሣ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። በሁለተኛው ማታ የእኅቴ ልጅ «ያንቺ መነኩሴ እኮ ሰው አይደለም፣ ዱላ ነው» አላት። እርሷም ሽንኩርት ወደምከትፍበት መጥታ «እማዬ፣ ምንም የማይፈልግ ሰው ምን ይናገራል?» ስትል ጠየቀችኝ።

እኔም ዝምታ ብቻውን ጠባይ አይሆንም አልኳት። በቤታችን እንኳ ስንት ዓይነት ዝምታ አለ! ሽማግሌው ነገሩን እስኪያብላላ ዝም ይላል። ያኮረፈ ልጅ ዝም ይላል። ያዘነም፣ ያፈረም፣ ምስጢር የያዘም ዝም ይላል። ሰውየውን የምናውቀው ዝም ያለበትን ምክንያት ስናውቅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የጨዋታው መጽሐፍም ይህን ያግዛል። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ አራት ነገር እንዲጻፍለት ይጠይቃል፤ ይኸውም የሚታይ ጠባይ፣ የሚያምንበት ዓላማ፣ የሚሳሳለት ሰው ወይም ነገር፣ አራተኛም ድክመት ነው። ተጫዋቹ ለእነዚህ ታምኖ ከተጫወተ፣ ድክመቱ እንኳ የሚጎዳው ቢሆን፣ መሪው ሊሸልመው ይችላል፤ ሽልማቱም በቸገረው ጊዜ ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ የተሻለውን መውሰድ ነው።

ለመነኩሴ ሲሆን ጥያቄዎቹን እንዲህ አቀረብኩላት። ገዳም ሲገባ ማንን ትቶ ሄደ? በሄደ ቀንስ ያለቀሰ ማን ነው? ከመምህሩ ትምህርት ያልተዋጠለት የትኛው ነው? ከዓለም ሁሉን ትቶ፣ አልተው ያለችው ትንሽ ነገር ምንድን ናት? እነዚህን ከመለሰ በኋላ አንድ የዘወትር ልማድ ይጨመርለት፤ ሰው ቤት ሲገባ እግሩን መታጠብ፣ ወይም ደረጃ ሲወጣ መቁጠር። ትልቅ ታሪክ ከመጻፍ ይልቅ እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር በጨዋታው ላይ በየጊዜው ትወጣለች።

ወረቀቱን ከሁለት ቀን በኋላ አሳየችኝ። መነኩሴው የወፍጮ ቤት ልጅ ሆኗል። በ7 ዓመቱ ገዳም ሲገባ ታናሽ ወንድሙን ትቶ ስለሄደ፣ ከሚበላው ዳቦ ሁልጊዜ ቁራሽ ያስቀምጣል። ከድክመት ቀጥሎ ደግሞ «ሰው ሲሰናበተው አይችልም፤ የተኛ ያስመስላል» የሚል ተጽፏል።

አባቷ በጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሲነሣ ግንባሯን ስሞ ይወጣል፤ እርሷም ሁልጊዜ ተኝታ ነው የምትገኘው።

እናቶች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት እጃችሁ ሲገባ «ይህ አንቺ ነሽ ወይ?» ብላችሁ አትመርምሩ። ልጅ መጋረጃ ዘርግቶ ሲናገር መጋረጃውን የምንገልጥበት ከሆነ ሁለተኛ አይናገርም። እኔ የጠየቅኋት ስለ መነኩሴው ነው። «ቢነሣ ኖሮ ምን ይላቸው ነበር?» አልኳት። አሰብ አድርጋ «መቼ ትመለሳላችሁ ይላቸው ነበር» አለች።

በዚያ ሳምንት አባቷ ሲነሣ ጋቢ ተከናንባ በር ድረስ ወጣች። የምትመልሰው ቀን ተነግሯት ተመልሳ ተኛች። አሁን ቀኑን በጣቷ ትቆጥራለች፤ ሲዘገይም ትቆጣለች። ቁጣዋ ከቀድሞው ዝምታ ይልቅ ይቀለኛል።

መነኩሴውም ሰው ሆኗል። ከእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ጋር በዳቦ ዋጋ ይከራከራል፤ በመንገድ የሚያገኘውን ሕፃን ሁሉ ስሙን ይጠይቃል። የእኅቴ ልጅ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዲህ መሪነቱን የጎረቤታችን ልጅ ይዞታል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ይሰበሰባሉ፤ እኔም ቆሎ አቀርባለሁ።

ጨዋታውን የሚያውቅ በአካባቢያችሁ ባይገኝም አትቸገሩ። ማታ ተረት ስትነግሩ ጀግናውን ለልጃችሁ ተዉትና ማንን ትቶ እንደመጣ፣ ምን እንደሚያስፈራው ጠይቁ። መልሱን ሲነግራችሁ አታርሙት፤ ቀጥሎስ በሉት።