ወደ እንጦጦ መናፈሻ ስለ መውጣታችን

«ፓርክ» የሚለው ቃል በከተማው ሰው አፍ ከመለመዱ አስቀድሞ በቋንቋችን መናፈሻ የሚል ያማረ ስም ነበረ፤ ነፋስ የሚቀበሉበት፥ ከሥራና ከሐሳብ ለጥቂት ሰዓት ዐረፍ የሚሉበት ሥፍራ ማለት ነው። እኛ ባደግንባት በአዊ ምድር፥ በጥርባ፥ ስሙን በመጽሐፍ እናውቀው ነበር እንጂ ለዚሁ ተብሎ የታጠረ ቦታ አላየንም። ነፋሱም ጥላውም ያለ ዋጋ ነበረ። ሽማግሌው ሲደክመው በደብሩ ቅጽር ከጽዱ ሥር ይቀመጣል፤ እረኛው ከብቱን አሰማርቶ ከዋንዛ ሥር ይጋደማል። ስለዚህ በ2014 ዓ.ም. ክረምት ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ ባለቤታችን «ልጆቹን ይዘን አዲስ አበባ እኅቴን እንጠይቅ፤ በዚያውም ብዙ የተወራለትን የእንጦጦን መናፈሻ እንይ» ስትለን፥ ዛፍ ለማየት ከ440 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ጥቂት አስገረመን። እርሷ ግን «በአገር ቤት የምናውቀው ዛፍ ሌላ፥ ይህ ሌላ» ስትል ነገሩን ቈረጠችው።

ከእንጅባራ ተነሥተን የጎጃምን መንገድ ስንይዝ ከፊታችንም ከኋላችንም ከሰል የጫኑ አይሱዙ መኪናዎች ነበሩ። ጆንያው እላይ በላዩ ተቈልሎ፥ በገመድ ተጠፍሮ፥ በየመታጠፊያው ያዘነብላል። የዓባይን በረሓ አብረናቸው ወርደን አብረናቸው ወጣን።

የአዊን ምድር ለማያውቅ አንባቢ ስለዚህ ከሰል ጥቂት መናገር ይገባናል። በፋግታ ለኮማ፥ በባንጃና በአጎራባቾቻቸው አፈሩ በዝናብ ብዛት ታጥቦ ኮምጣጣ ሆኖአል። ገብሱም ድንቹም እንደ ቀድሞው አልሰጥ ባለ ጊዜ ገበሬው ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ መትከል ያዘ። በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ያበቅለዋል፤ በሁለተኛው ዓመት በመካከሉ የበቀለውን ሣር ለከብቱ ያጭዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቈርጦ እዚያው ማሳው ላይ አፈር አልብሶ ያከስለዋል፤ ከዚያም መሬቱን አርሶ እንደ ገና ጤፍ ይዘራበታል። በዚህ ዛፍ ስንቱ የሣር ቤቱን ወደ ቆርቆሮ ለወጠ! ስንቱ ተማሪያችን ደብተርና ጫማ ገዛ! እኛም ብንሆን ደመወዛችን አልበቃ ባለ ጊዜ ከአባታችን ማሳ በደረሰን ድርሻ ልጆቻችንን አልብሰናል። እንግዲህ ዛፉን የሚያማ ቃል ከእኛ አይወጣም።

ነገር ግን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዋግ የመሰለ በሽታ በዲከረንሱ ላይ ወርዶ ቅጠሉን እያደረቀ ብዙ ማሳ አበላሸ። የታናሽ ወንድማችንም ማሳ ከተበላሹት አንዱ ነው። እርሱም ከጉዳቱ ለመዳን በማሳው ራስጌ ያለውን የአባታችንን ዛፍ፥ ይኸውም ሁለት ኮሶ፥ አንድ ዝግባና ጥቂት ብሳና ነው፥ ቈርጦ ሊሸጥ፥ ቦታውንም ባሕር ዛፍ ሊተክልበት አሰበና ፈቃዳችንን ጠየቀን። «ከመንገድ ስንመለስ እንነግርሃለን» ብለነው ነበር የወጣነው። በእንጦጦ ያየነውን ሁሉ ያየነው ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ስለ ሆነ፥ አንባቢ አስቀድሞ ይወቅልን።

የባለቤታችን ታላቅ እኅት በሽሮ ሜዳ ከሰል እየቸረቸሩ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕርግ ያበቁ ሴት ናቸው። በገባን ማግሥት ከጆንያው አንድ ጕማጅ አንሥተው በመዳፋቸው እያገላበጡ «ይኸው ያገራችሁ ልጅ! ከእናንተ ቀድሞ ገብቶአል» አሉን። ሁላችን ሣቅን። በዚያ ሌሊት ግን፥ በጥርባ ሳለን የማናስበውን፥ በአንድ ሽሮ ሜዳ ብቻ ስንት ምድጃ በየማለዳው እንደሚነድ እናሰላ ጀመር።

ጊዜው ፍልሰታ ነበርና ወደ እንጦጦ የወጣነው አስቀድሞ ለቅዳሴ ነው። እንጦጦ ማርያም ዐፄ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑባት ደብር መሆንዋን ለተማሪዎቻችን ስንት ዓመት አስተምረናል! በአጸዷ ቆሞ ማስቀደስ ግን ሌላ ነው። ጉም ከጉልላቱ ላይ እየወረደ የሕዝቡን ነጠላ ያረጥብ ነበር። ልጆቻችን ቈርበው፥ ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ፥ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ወደ መናፈሻው ገባን።

ይህ መናፈሻ ለሕዝብ የተከፈተው በመስከረም 2013 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ጋራው ግን ከዚያ በፊት ረጅም ታሪክ አለው፤ ታሪኩም የዛፍ ታሪክ ነው። ንጉሠ ነገሥቱና ሠራዊታቸው በእንጦጦ፥ በኋላም በአዲስ አበባ በሰፈሩ ጊዜ በዙሪያው የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቈረጠ አለቀ። የማገዶው እጦት እጅግ ከመጽናቱ የተነሣ ከተማው ወደ ምዕራብ፥ ወደ አዲስ ዓለም እንዲዛወር ታስቦ በዚያ ቤተ መንግሥት ተጀምሮ ነበር፤ ኋላ ያ ሥፍራ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። አዲስ አበባን ከስደት ያዳናት በ1887 ዓ.ም. ገደማ ከውጭ የገባው፥ ትውልዱ ከአውስትራልያ የሆነው ባሕር ዛፍ ነው። ሲቈርጡት መልሶ ያቈጠቍጣል፤ በጥቂት ዓመትም ለማገር ይደርሳል። ውኃ ያደርቃል፥ ሌላ ተክል አያስጠጋም ተብሎ በየዘመኑ ተወቅሶአል፤ እንዲነቀልም ታዝዞ ትእዛዙ ሳይፈጸም ቀርቶአል። የሚያስገርመው የእኛም ዲከረንስ ትውልዱ ከዚያችው ከአውስትራልያ መሆኑ ነው። ሁለቱም ባሕር ተሻግረው የመጡት ለአንድ ጉዳይ፥ ለእሳት ነው።

አሁን ግን በእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ሰው ጃንጥላ ይዞ ይንሸራሸራል። ያማረ የእግር መንገድ ተነጥፎአል፤ ብስክሌት የሚነዱ አሉ፤ በዛፎች መካከል በተወጠረ ገመድ ተንጠልጥለው እየጮኹ የሚሻገሩ ጐረምሶች አሉ። ሙሽሮች ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከአንድ ምግብ ቤት የሚወጣው ዘፈን ጸጥታውን ሲረብሸው አዝነናል፤ ጸጥታ ፍለጋ ጋራ የወጣን ሰው ዘፈን ተከትሎት መውጣቱ ምን ይጠቅመዋል? ደግሞ ከጨዋታው አብዛኛው በገንዘብ ነው። መንገዱንና አየሩን ግን ባለጠጋውም ድኻውም እኩል ሲጠቀሙበት አይተን ደስ ብሎናል።

የዐሥር ዓመቱ ወንድ ልጃችን ከሁሉ ይልቅ የተደነቀው በፈረሶቹ ነው። በዋጋ ተከራይተው የሚቀመጡባቸው ፈረሶች ናቸው። «አባባ፥ ፈረስ ለመቀመጥ ይከፈላል እንዴ?» ሲል ጠየቀን። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፥ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል፥ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር እንጅባራን በሸለሙ ፈረሶች ሲያጥለቀልቃት እያየ ያደገ ልጅ ነውና አንፈርድበትም። ቀርቦም ኮርቻው እንደ ላላ ለጠባቂው ወጣት ነገረው። ወጣቱ በመጀመሪያ ሣቀ፤ ቀጥሎ ዝቅ ብሎ አየና «እውነቱን ነው ጋሼ፤ ከየት ነው የመጣችሁ?» አለን። ከአዊ መሆናችንን በነገርነው ጊዜ ልጁን ያለ ክፍያ አስቀምጦ አንድ ዙር አዞረው። ባለቤታችን ግን ሰውየው ከደመወዙ እንዳይቈረጥበት ብላ ገንዘቡን አስጨበጠችው።

ለምሳ የያዝነውን የጾም ዳቦና ቆሎ በአንድ ዛፍ ሥር ፈታን። እዚያ ተቀምጠን ሳለን ልብ ያልነው አንድ ነገር አለ። በአገራችን ሰው ዛፍ ሲያይ ዐይኑ ይመዝናል፤ ይህ ስንት ጆንያ ይወጣዋል፥ ያ ስንት አጠና ይሆናል ይላል። እኛም መምህር ብንባል የገበሬ ልጅ ነንና ከተቀመጥንበት ሆነን የሦስቱን ዛፍ ዋጋ በልባችን ደምረን ነበር። በዚያ የሚያልፈው ሕዝብ ግን ቀና ብሎ አይቶ፥ አየሩን ስቦ፥ ያልፋል። ዛፉ ያው ነው። መቶ ዓመት በላይ ማገዶ ነበር፤ አንድ ቀን ሰው ሌላ ጥቅም አገኘለትና መጥረቢያው ቆመ።

ይህ ግን ያለ ጭንቀት የሆነ ነገር አይደለም። ከዚህ ጋራ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፥ ጐብጠው፥ ከራሳቸው ክብደት የማይተናነስ ሸክም በወገባቸው አዝለው ወደ ከተማ ሲወርዱ የኖሩ እናቶች አሉ። እኛም ስንወርድ ከመናፈሻው ውጭ በመንገዱ ዳር ሁለቱን አገኘናቸው፤ አንደኛዋ ከእናታችን ዕድሜ አታንስም ነበር። የባለቤታችን እኅት ሰላም ብለዋቸው ካለፍን በኋላ «እኔም ከሰል ከመጀመሬ በፊት አራት ዓመት በዚህ መንገድ ወርጃለሁ» አሉን። ይህን ከዚያ ቀን በፊት ለእኅታቸው እንኳ አልነገሯትም ነበር። ባለቤታችን እስከ ሽሮ ሜዳ ድረስ ሳትናገር እጃቸውን ይዛ ወረደች። ዛፉ ለመናፈሻ ይጠበቅ የሚል ሁሉ እነዚያ እናቶች በምን እንደሚያድሩ አብሮ ሊጠይቅ ይገባዋል።

በሌላው ዓለምም መናፈሻ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም። የለንደኑ ሃይድ ፓርክ የንጉሥ ማደኛ ነበረ፤ ለሕዝብ የተከፈተው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1637 ዓ.ም. ነው። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ሲሠራ በ1857 ሴኔካ የምትባል የጥቁሮች መንደር ነዋሪዎች ከቤታቸው ተነሥተዋል። ዛሬ በዚያ የሚንሸራሸር ሰው ሁሉ ይህን ያስባል ለማለት ያዳግታል።

በእኛ አገር ደግሞ መናፈሻ ሳይባል የኖረ አለ። በአማራ ክልል ደኑ ካለቀ በኋላ ከአውሮፕላን ሆኖ ቍልቍል ለሚያይ ሰው በታረሰው ምድር መካከል እንደ ደሴት የሚታዩት አረንጓዴ ክቦች አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። ዝግባው፥ ወይራው፥ ጽዱ፥ ኮሶው በዚያ ተርፎአል። ያተረፈውም የዘበኛ ብዛት አይደለም፤ ሰው ታቦት ባለበት ቅጽር መጥረቢያ ለማንሣት ስለሚፈራ ነው። እኛ በዲቍና ስናገለግል ከቅጽሩ የወደቀ ጭራሮ እንኳ ለመቅደሱ ሥራ ካልሆነ ወደ ቤት እንደማይወሰድ ተምረናል። ከቅጽሩ አንድ እርምጃ ወጥቶ ግን ፍርሃቱም ዛፉም ያበቃል። እንጅባራ ኮሶበር የሚል ሌላ ስም አላት፤ ዛሬ ኮሶው ከዙሪያዋ ይልቅ በስሟ ይገኛል።

በዚያው ምሽት ከሽሮ ሜዳ ሆነን ለወንድማችን ስልክ ደወልንለት። ብሳናዎቹን ቈርጦ እንዲሸጥ፥ ኮሶዎቹንና ዝግባውን ግን እንዲተዋቸው፥ ለዚህም ፈንታ ከሚመጣው መከር የሚደርሰንን ድርሻ ለእርሱ እንደ ለቀቅንለት ነገርነው። ጥቂት ዝም አለና «አያ፥ ኮሶውና ዝግባው ቆመው ለልጆቼ ምን ያበሏቸዋል?» አለን። ጥያቄው የቀማኛ ጥያቄ አይደለም፤ አምስት ልጅ የሚያሳድግ ሰው ጥያቄ ነው። እኛም ድርሻችንን ለአንድ ዓመት ሳይሆን ዛፎቹ እስከ ቆሙ ድረስ እንደምንተውለት ቃል ገባንለት። ባለቤታችን አጠገባችን ሆና ትሰማ ነበር፤ ልጆቹን ከዚያ ድርሻ የምታለብሰው እርሷ ናትና ቀና ብላ አየችን፤ አልተቃወመችም።

ወንድማችንም «እንግዲያውስ እስከሚመጣው ክረምት ይቆዩ» አለ። ዛፎቹ እስከ ዛሬ ቆመዋል። እርሱ በየክረምቱ ይጠይቀናል፤ እኛም በየክረምቱ ድርሻችንን እንተውለታለን። ባለፈው ዓመት ከሁለቱ ኮሶዎች በአንደኛው ሥር የእሸት መጠበቂያ ማማ ሠርቶበት አገኘነው፤ ስለ ማማው እርሱም አላነሣ፥ እኛም አልጠየቅነው።